ለሰርፍ ጊታር ዲጂታል ፔዳል ወይስ እውነተኛ ሞላ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አዲስ አበባ ውስጥ በሆቴል ምሽቶች እንጫወታለን። በቅርቡ የድሮው የካሊፎርኒያ ሰርፍ ሙዚቃ ልቤን ወስዶታል። ያለኝ የስትራቶካስተር ዓይነት ጊታርና በትራንዚስተር የሚሠራ አምፕሊፋየር ነው። የአምፕሊፋየሩን ሪቨርብ (ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ የሚያስተጋባውን) እስከ መጨረሻ ብከፍተውም ድምፁ ከመራቅ በስተቀር ያ ውኃ ውስጥ የተመታ የሚመስለው ነገር አይመጣልኝም። እኅቴ በክረምት ከአሜሪካ ትመጣለች። ዲጂታል የሪቨርብ ፔዳል ላስመጣ ወይስ እውነተኛ ሞላ ያለበትን ሳጥን? ጓደኞቼ ዲጂታሉ ውሸት ነው ይሉኛል።»

መልስ፦ ዲጂታሉን ታምጣልህ። ግን ያገኘችውን ሁሉ አይደለም፤ የትኛውን እንደሆነ ከታች እነግርሃለሁ። የጓደኞችህ ክርክር የተሳሳተ ቦታ ላይ የቆመ ነው። ሰርፍ ጊታር የሚፈልገው ሞላ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ሞላው በኃይል መመታቱን ነው። እጅግ ለስላሳ በሆነ የኤሌክትሪክ ምልክት የሚነካ እውነተኛ ሞላ፣ በሚገባ ከተመታ የኮምፒውተር ሞላ ያነሰ ሰርፍ ይሰጥሃል። አምፕሊፋየርህ ላይ የደረሰብህም ይኸው ነው።

ድምፅን በሞላ ውስጥ ማሳለፍ ለጊታር ተብሎ የተፈለሰፈ ነገር አይደለም። የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲሶች የረጅም ርቀት የስልክ መስመር የሚያስከትለውን መዘግየት ለማስመሰል በሞላ ይጠቀሙ ነበር። ሎረንስ ሃሞንድ ሐሳቡን ወስዶ ኦርጋኑ ውስጥ አስገባው፤ ኦርጋን ገዝተው ሳሎናቸው ያስቀመጡ ሰዎች ምንጣፉና መጋረጃው ድምፁን እየዋጠባቸው የቤተ ክርስቲያኑን ግርማ አጥተውት ነበርና። ጊታርና አምፕሊፋየር የሚሠራው የፌንደር ኩባንያ ደግሞ የሃሞንድን ታንክ (ሞላዎቹ የሚቀመጡበትን የብረት ሳጥን) ተጠቅሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 ለብቻው የሚቆም የሪቨርብ ሳጥን አወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ቴክኒሻኖች ሳጥኑን በሰርኪዩት ቁጥሩ 6ጂ15 ብለው ይጠሩታል። የሰርፍ ጊታር ንጉሥ የሚባለው ዲክ ዴል ሪቨርቡን መጀመሪያ የፈለገው ለጊታሩ ሳይሆን ለዘፈን ድምፁ እንደነበር ይናገር ነበር።

ደስ የሚለኝ ነገር ሰርፍ ራሱ ያለ ሪቨርብ መጀመሩ ነው። በ1961 የወጡት የዲክ ዴልና የቤልኤርስ ባንድ የመጀመሪያ ቅጂዎች ደረቅ ናቸው። ቤልኤርስ በ1963 ሲበተን ከምክንያቶቹ አንዱ ሁለቱ ጊታሪስቶች ሪቨርብ ይግባ አይግባ በሚለው ላይ አለመስማማታቸው ነበር። ስለዚህ ጓደኞችህ በዚህ ጉዳይ ለመጨቃጨቅ የመጀመሪያዎቹ አይደሉም።

አሁን ወደ ታንኩ ውስጥ እንግባ። ረጅሙ የፌንደር ታንክ 42 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ክዳን የሌለው የብረት ሳጥን ነው። በውስጡ ሌላ ቀጭን የብረት ፍሬም በአራት ትናንሽ ሞላዎች ተንጠልጥሏል፤ በፍሬሙ ላይ ደግሞ ድምፅ የሚያልፍባቸው ሁለት ረጃጅም ሞላዎች ከዳር እስከ ዳር ተዘርግተዋል። በአንደኛው ጫፍ የመዳብ ጥቅልል አለ፤ የጊታሩ ኤሌክትሪክ በዚያ ሲያልፍ ከሞላው ጫፍ ጋር የተያያዘችውን ትንሽ ማግኔት ወዲያና ወዲህ ያጠማዝዛታል። ጥምዘዛው በሞላው ተጉዞ ሌላኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ ሁለተኛው ጥቅልል ወደ ኤሌክትሪክ መልሶ ይቀይረዋል፤ ከዚያ ደግሞ ተመልሶ እንደ ገደል ማሚቶ ይመላለሳል። በዚህ ዓይነት ታንክ ውስጥ አንደኛው ሞላ ድምፁን በ33፣ ሁለተኛው በ41 ሚሊ ሰከንድ ያደርሳል። ሆን ተብሎ ነው የተለያዩት፤ እኩል ቢሆኑ ኖሮ ምልልሱ አንድ ላይ እየተደራረበ እንደ ቆርቆሮ ይጮኽ ነበር። ጅራቱ ረጅም በሚባለው ዓይነት ድምፁ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ሦስት ሰከንድ ያህል ይወስዳል።

ያ የምትፈልገው «ውኃ» ከየት ይመጣል? በአየር ውስጥ ቀጭኑም ወፍራሙም ድምፅ በእኩል ፍጥነት ይጓዛል። በተጠመዘዘ ሽቦ ውስጥ ግን እንደዚያ አይደለም። ወፍራሙ ቀድሞ ይደርሳል፤ እስከ አራት ሺህ ኸርዝ አካባቢ ድረስ ድምፁ እየቀጠነ በሄደ ቁጥር ይዘገያል። በታላቁ ሩጫ ማለዳ መስቀል አደባባይ ላይ እኩል የተነሣው ሕዝብ መጨረሻው ላይ ተበታትኖ እንደሚደርስ ማለት ነው። ስለዚህ በፒክ (በክር መምቻው) የመታኸው አንድ አጭር «ጣ» በሞላው ውስጥ ተለጥጦ ከታች ወደ ላይ የሚንሸራተት ትንሽ «ጥዊፕ» ሆኖ ይወጣል፤ በተመላለሰም ቁጥር የበለጠ ይለጠጣል። ሰርፍ ተጫዋቾች ጠብታ የሚሉት ድምፅ ይህ ነው። ከአራት ሺህ ኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ ደግሞ በሞላው ውስጥ በጣም ተዳክሞ ነው የሚያልፈው። የሞላ ሪቨርብ ከላይ የማይፋጨው፣ ሲምባሉንም የማይጋፋው ለዚህ ነው።

ጠብታው ግን የሚሰማው ሞላው ውስጥ የሚገባው ምት አጭርና ብርቱ ሲሆን ነው። የ6ጂ15 ምሥጢርም እዚህ ላይ ነው። በዚህ ሳጥን ውስጥ ሞላውን የሚገፋው 6ኬ6 የሚባል ቲዩብ (አምፑል የሚመስል የድሮ ማጉያ ዕቃ) ነው፤ በሬዲዮ ውስጥ ስፒከር ለማንቀሳቀስ ይሠራ የነበረ የኃይል ቲዩብ መሆኑን ልብ በል። በፊት ለፊቱ ሦስት ማዞሪያዎች አሉ። ሚክስ የሪቨርቡን መጠን ይወስናል፤ ቶን ጥራቱን ያደምቃል ወይም ያደበዝዛል፤ ድዌል ደግሞ ወደ ሞላው የሚላከውን የግፊት ኃይል ያስተካክላል። ድዌሉን ስትከፍት ቲዩቡ፣ ትንሹ ትራንስፎርመርና ጥቅልሉ ከአቅማቸው በላይ ይገፋሉ፤ ምቱም ይታመቃል፣ ጠርዙ ይሻክራል፣ ጠብታው ይፈነዳል። ፌንደር ከ1963 ጀምሮ በአምፕሊፋየሮቹ ውስጥ የገነባው ሪቨርብ ግን ሌላ ነው። እዚያ ሞላውን የሚገፋው 12ኤቲ7 የሚባል ትንሽ ቲዩብ ነው፤ ድዌል የለውም፤ ያለው አንድ ማዞሪያ ከሞላው ተመልሶ የሚመጣውን መጠን ብቻ ነው የሚጨምረው። ለትዝታና ለብሉዝ እጅግ ያማረ ድምፅ ነው። ለሰርፍ ግን አንድ ደረጃ ይጎድለዋል።

የአንተ ችግር ከዚህ የተለየ አይደለም። በአምፕሊፋየርህ ላይ «ሪቨርብ» የሚለውን ስትከፍት ሞላውን (በእርግጥ ሞላ ካለ) የበለጠ እየመታኸው አይደለም፤ ደካማውን ምት የበለጠ እያሰማኸው ነው። ድምፅህ የሚርቀው ለዚህ ነው። ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ሁለት ነገር ሞክር። አንደኛ፣ አምፕሊፋየሩ በርቶ ሪቨርቡ ከፍ ብሎ ሳለ ጎኑን በእጅህ መታ አድርገው። ነጎድጓድ ከሰማህ ሞላ አለው፤ ዝም ካለ ውስጡ ያለው ቺፕ ነው። ሁለተኛ፣ ሞላ ካለው የሪቨርቡን ማዞሪያ ወደ መሀል መልሰህ የቻናሉን ቮልዩም ክፈት፤ ማስተር ቮልዩም ካለው እሱን ቀንስ። ከዚያ ክሮቹን ሁሉ በመዳፍህ አፍነህ የታችኛውን ወፍራም ክር በጠንካራ ፒክ አንድ ጊዜ ምታ። በብዙ አምፕሊፋየሮች ወደ ሞላው የሚሄደው መስመር የሚነሣው ከቻናሉ ቮልዩም በኋላ ስለሆነ ሞላው አሁን የተሻለ ይመታል። ትንሽ ጠብታ ከሰማህ የማወራው ምን እንደሆነ በራስህ ጆሮ ታረጋግጣለህ።

ወደ ዲጂታሉ ስንመጣ፣ ብዙ ሰው ሁሉንም በአንድ ከረጢት ይከታቸዋል። ትክክል አይደለም። ብዙዎቹ «ሪቨርብ» የተባሉ ፔዳሎች አዳራሽ፣ ክፍልና ስፕሪንግ የሚል መምረጫ አላቸው፤ ስፕሪንግ የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ያው የክፍል ሪቨርብ ላይኛው ድምፅ ተቆርጦ ትንሽ መንቀጥቀጥ የተጨመረበት ነው። ይህ ስንፍና ብቻ አይደለም፣ የአቅም ጉዳይም ነው። በሞላ ውስጥ ያለውን መበታተን በሒሳብ ለመቅዳት ፕሮግራም አውጪዎች ድምፁን ሳይቀንሱ ጊዜውን ብቻ የሚያዛንፉ ማጣሪያዎችን በተከታታይ ይደረድራሉ፤ በሚገባ ለመምሰል አንድ መቶ ገደማ ያስፈልጋሉ። በብዙ አነስተኛ ፔዳሎች ውስጥ የምታገኘው ኤፍቪ1 የሚባለው ቺፕ ደግሞ ለእያንዳንዱ የድምፅ ናሙና የሚፈጽመው 128 ትእዛዝ ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ ለማጣሪያው፣ ለጅራቱና ለማዞሪያዎቹ ሁሉ ማብቃቃት አለበት። ብልህ ፕሮግራም አውጪ በዚህ ጠባብ ቦታም ጥሩ ሥራ ይሠራል፤ ሰነፉ ግን ጠብታውን ይተወዋል። ሌላም ዓይነት አለ፦ ለካራኦኬ የተሠሩ ሦስት የኤኮ ቺፖችን በአንድ ትንሽ ጡብ ውስጥ ያሸጉ ፔዳሎች። ርካሽና ደስ የሚል ጭጋግ ይሰጣሉ፤ ጠብታ ግን አትጠብቅባቸው።

ስለዚህ ለእኅትህ የምትልክላት መመሪያ አጭር ነው፦ ድዌል የሚል ማዞሪያ ያለበት፣ 6ጂ15ን ለመምሰል የተሠራ ፔዳል። ቦስ ከፌንደር ጋር የሠራው ኤፍአርቪ-1 ልክ እንደ ሳጥኑ ሚክስ፣ ቶንና ድዌል አለው፤ አሁን በአዲስ ስለማይመረት ያገለገለ ነው የሚገኘው። የካታሊንብሬድ ቶፓንጋም በዚያው ሰርኪዩት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ተጨማሪ የቮልዩም ማዞሪያ ስላለው የአምፕሊፋየሩን መግቢያ ትንሽ ለመግፋት ይጠቅማል። ስትራይመን ፍሊንት የሚባለውን ብዙ ሰው ያመሰግነዋል፣ እኔም ድምፁን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን የሪቨርቡ ማዞሪያዎች ሚክስ፣ ዲኬይና ከለር ናቸው። ድዌል የለም። ለዝግታ ዜማ እንጂ ለአንተ ጥያቄ መልስ አይደለም።

ዲጂታሉ የሚሸነፍበት ቦታ የለም አልልህም። እውነተኛውን ሞላ ከልክ በላይ ስትመታው የብረቱ፣ የጥቅልሉና የቲዩቡ መጨናነቅ አንድ ላይ ይመጣል፤ ሁለት ተከታታይ ምቶችም አንድ ዓይነት ድምፅ አይሰጡም፣ ሞላው ከቀድሞው ምት ገና እየተንቀጠቀጠ ነውና። ፔዳሉ በዚህ ጫፍ ላይ ይስተካከላል፣ ይለሰልሳል። ብቻህን ስትጫወት ይሰማሃል። ቤዝና ከበሮ ሲገባ ግን ልዩነቱን ለይቶ የሚነግርህ አድማጭ በሆቴል ምሽት አታገኝም፤ ከበሮህን የሚመታው ጓደኛህ ራሱ አይለየውም።

ፔዳሉ ሲመጣ ከጊታሩ ወጥቶ በቀጥታ በአምፕሊፋየሩ ፊት፣ በዋናው መግቢያ ይግባ። አምፕሊፋየርህ ከኋላው የኢፌክት መስመር (ለፔዳል የተለየ መውጫና መግቢያ) ቢኖረውም አትጠቀምበት። ዋናው ሳጥን በጊታርና በአምፕሊፋየር መካከል ነበር የሚቆመው፤ ደረቁም እርጥቡም ድምፅ (ሪቨርብ ያልገባበትም የገባበትም) በአንድ ላይ በአምፕሊፋየሩ ሲያልፍ ነው ያ የተዋሐደ ድምፅ የሚገኘው። ይህ አምፕሊፋየሩ ፍጹም ንጹሕ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ትንሽ ዲስቶርሽን ከገባ ሪቨርቡ ራሱ ይቦጫጨቃል። እዚህ ላይ ትራንዚስተርህ ጠላትህ አይደለም። ፌንደር ለዲክ ዴል ሾውማን የተባለውን ትልቅ አምፕሊፋየር ከ15 ኢንች ስፒከር ጋር ያዘጋጀለት ድምፁ ከፍ ብሎ ሳይሰበር እንዲቆይ ነበር፤ ንጹሕነት ለትራንዚስተር ቀላል ሥራ ነው። የአምፕሊፋየሩን የራሱን ሪቨርብ ዝጋው። ለመነሻ ድዌሉን ከአሥር ስድስት፣ ሚክሱን አምስት፣ ቶኑን አምስት ላይ አድርግና በጆሮህ አስተካክል። ጠብታው ካነሰ ሚክሱን ሳይሆን ድዌሉን ጨምር።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ ሰው ብቻ የሚነገር ነው። የሰርፍ ሜሎዲ በፒክ ወደላይና ወደታች በፍጥነት እየተመታ ስለሚሄድ እያንዳንዱ ኖታ ቀጣዩ ላይ ይፈሳል። ሜጀር ትዝታ በውስጡ የግማሽ ድምፅ ርቀት ስለሌለው ሪቨርቡ ቢጥለቀለቅም ዜማው ጥርት ብሎ ይሰማል። አምባሰልና አንቺሆዬ ግን ጎረቤት የሆኑ ግማሽ ድምፆች አሏቸው፤ በረጅም ጅራት ውስጥ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ያ ግጭት ራሱ ያምራል። ዲክ ዴል በአባቱ በኩል ከሊባኖስ ቤተሰብ የመጣውን የዑድ ዜማ ወደ ጊታር ሲያዛውር የወደደው ሹልነት እንዲህ ያለ ነው። ሆኖም ሚክሱን አንድ ሁለት ቁጥር ዝቅ ካላደረግህ ሜሎዲህ ይጨቀያል።

ከፔዳሉም በፊት ግን ክርህን ቀይር። በሚገባ የምመክርህ ነገር ቢኖር ይህ ነው፣ ዋጋውም ከሁሉም ያነሰ ነው። ከ0.009 ኢንች የሚጀምር ቀጭን ክር በብርቱ ስትመታው ድምፁ ይዛባል፤ ምቱ ስለታም አይሆንም፣ ሞላውም (እውነተኛም ይሁን ዲጂታል) የሚመታው ነገር አያገኝም። ዲክ ዴል ከ0.016 የሚጀምር ክር ይጠቀም ነበር፤ አንተ እዚያ ድረስ መሄድ አያስፈልግህም፣ ከ0.011 ጀምር። ወፍራም ክር አንገቱን ስለሚስብ የጊታርህን አንገት ማስተካከል ይኖርብሃል። ከድልድዩ አጠገብ ያለውን ፒክአፕ ምረጥ፣ ጠንካራ ፒክ ያዝ፣ የመዳፍህን ጠርዝ ድልድዩ ላይ አሳርፈህ የታችኞቹን ክሮች ግማሽ በግማሽ አፍናቸው። በረጅም ጅራት ምትክ አጭር «ጥክ» ወደ ሞላው ሲገባ ጠብታው ብቻውን ወጥቶ ይሰማል።

ልብህ አሁንም እውነተኛውን ሞላ ከፈለገ አልከለክልህም፤ ነገር ግን ምን እንደምታስመጣ እወቅ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ባለ ቲዩብ ሳጥን በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ የሚሠራ ነው፤ እዚህ ያለ ማውረጃ ትራንስፎርመር ከሰካኸው ወዲያው ይቃጠላል። ማውረጃ ቢኖርህም በእኛ 50 ኸርዝ የውስጥ ትራንስፎርመሩ የበለጠ ይሞቃል። ቲዩቡ ሲያረጅ ምትኩን በየሱቁ አታገኝም። ሳጥኑ ከባድ ነው፤ በሻንጣ ውስጥ ሲንገላታ ደግሞ ቀድሞ የሚበጠሰው ከጥቅልሎቹ ወደ መሰኪያዎቹ የሚሄደው እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ነው። መድረክ ላይ የቤዙ ድምፅ ወለሉን ሲያንቀጠቅጥ ሞላው ተቀብሎ ይጮኻል፤ ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ያስፈልገዋል። የታንኩ መውጫ ጫፍ ከማንኛውም ትራንስፎርመር መራቅ አለበት፤ ካልራቀ የመብራቱን «ህምም» አጥምዶ ያመጣልሃል። እነዚህን ሁሉ ችግሮች በከፊል የሚያቃልሉ፣ እውነተኛ ታንክ በትራንዚስተር የሚገፉ ሳጥኖች አሉ፤ ሰርፊቤር የሚባለው ድዌልም አለው፣ በአነስተኛ የዲሲ ቮልቴጅም ይሠራል። ከሰርፍ ሌላ የማይጫወት ሰው ቢጠይቀኝ እሱን ነበር የምመክረው። አንተ ግን በአንድ ምሽት አምስት ዓይነት ሙዚቃ ትጫወታለህ።

ታንክ ለብቻው የምትገዛ ከሆነ ደግሞ በላዩ የተጻፈውን ኮድ አንብብ። ለፌንደር ዓይነት የሚሆነው 4ኤቢ3ሲ1ቢ የሚለው ነው፦ መጀመሪያ ያለው 4 ረጅሙን ባለ ሁለት ሞላ ዓይነት፣ ኤ የመግቢያውን 8 ኦም፣ ቢ የመውጫውን 2250 ኦም፣ 3 ረጅሙን ጅራት፣ የመጨረሻው ቢ ደግሞ ክፍቱ ጎን ወደታች ተደርጎ በአግድም መቀመጥ እንዳለበት ያመለክታል። በመግቢያው ፊደል ብቻ የተለየ ታንክ በቅርጹ ፍጹም አንድ ይመስላል፤ ድምፁ ግን ደካማ ወይም ጭራሽ ዝም ያለ ይሆናል። ያገለገለ ታንክ በመልቲሜትር ስትለካው መግቢያው ወደ 0.8፣ መውጫው ወደ 200 ኦም ያሳይሃል፤ የተጻፈው ቁጥር ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ያለው እንጂ መልቲሜትር የሚያነበው ስላልሆነ አትደንግጥ። ምንም ካላነበበ ያች ቀጭን ሽቦ ተበጥሳለች፤ ጥሩ ዓይንና ቀጭን የብየዳ ካውያ ያለው ሰው ይቀጥላታል።

ለእኅትህ የመጨረሻው መልእክት ስለ አዳፕተሩ ይሁን። ፔዳሉ 9 ቮልት ዲሲ፣ መሀሉ ኔጌቲቭ የሆነ ይፈልጋል። ከአሜሪካ ሱቅ አዳፕተር ከገዛች በጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩን ታረጋግጥ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ እዚያው ትተወውና አንተ ከዚህ ግዛ።